.22 ጠመንጃዬ በአንዱ ሳጥን ይሰበስባል፣ በሌላው ይበትናል፤ ጥይቱን ራሴ ባዘጋጅስ?

ጀማሪው_ከአውሮራ
ሰላም ለሁላችሁ። መሣሪያው ቦልት (መዝጊያው በእጅ የሚሳብ) .22 ሎንግ ራይፍል ነው። በርሜሉ ወፍራም፣ ርዝመቱ 20 ኢንች፤ መነጽሩ ከ4 እስከ 12 ያጎላል። የምፈልገው ፕሬሪ ዶግ (ሜዳ ላይ ጉድጓድ ቆፍሮ የሚኖር ትንሽ እንስሳ) እንዲቀነስለት በፈቀደ ሰው የግጦሽ መሬት ላይ ነው። በ50 ያርድ አንዱ ሳጥን ሦስቱንም ጥይት በአንድ ሳንቲም ሥር ይከታቸዋል። ሌላው ሳጥን፣ ያውም ስሙ ያው ሆኖ፣ ሦስት ጣት ያህል ይበትናል። ሦስት ነገር ልጠይቅ፦ ቀልሃ እየሰበሰብኩ ራሴ መሙላት እችላለሁ ወይ? ለነፋሱ ፈጣኑ ጥይት አይሻልም ወይ? በየስንት ጥይቱስ ይወለወላል?

ቀልሃ_ቆጣሪ
የመጀመሪያውን ልመልስ፤ አይሞላም። .223ም ሆነ .22-250 ከቀልሃው መሐል የሚፈነዳ ፕራይመር (ባሩዱን የሚያቀጣጥል ክፍል) አላቸው፣ ወጥቶ በአዲስ ይተካል። የ.22 ሎንግ ራይፍል ግን ተቀጣጣዩ ኬሚካል ያለው በታችኛው ጠርዝ እጥፋት ውስጥ ነው። መርፌው ጠርዙን ጨፍልቆ ነው የሚያቀጣጥለው። አንዴ የተጨፈለቀ ጠርዝ ተመልሶ አይቀናም፣ ኬሚካሉም እጥፋቱ ውስጥ እኩል የሚሰራጨው ፋብሪካ ውስጥ በልዩ ማሽን እየተሽከረከረ ነው። እርሳሱም (ከአፈሙዙ የሚወጣው ክፍል) ሌላ ዓይነት ነው፤ ወገቡ ከቀልሃው ጋር እኩል ወፍራም ሆኖ ግርጌው ብቻ ቀጥኖ ይገባል፣ ቅባቱም ከውጭ ነው የሚቀባው። ለሌላ ጥይት የሚሸጥ እርሳስ አይገጥመውም።

በሌላው ጥይት ሰው ባሩድ እየመዘነ፣ እርሳስ እየለወጠ የሚያደርገውን ማስተካከያ በ.22 የምታደርገው በመምረጥ ነው። ያንተ ሥራ የትኛው ምርት፣ ከዚያም የትኛው ሎት (በፋብሪካው በአንድ ዙር የተመረተ ጥይት) ከበርሜልህ ጋር እንደሚስማማ ማግኘት ነው። ስሙ ያው የሆነ ሳጥን የተበተነብህም ለዚህ ነው፤ ሳጥኑ ላይ በትንሹ የታተመውን የሎት ቁጥር አስተያይ፣ የተለያየ ሆኖ ታገኘዋለህ።

አልሞ
ቀልሃ_ቆጣሪ ያለው ትክክል ነው፤ ግን ጥይት ከመግዛትህ በፊት መሣሪያውን ፈትሽ። ልቅ ብሎን ያለው ጠመንጃ ላይ አሥር ዓይነት ጥይት መሞከር ብር ማቃጠል ነው።

መጀመሪያ የሰደፉን ብሎኖች እይ። የሚጠብቅበት ልክ መመሪያው ላይ አለ፤ በዓይን ግምት ሳይሆን በቶርክ መፍቻ ይጥበቅ። ብዙው .22 ትንሽ ነው የሚፈልገው፣ እንጨት ሰደፍ ከሆነ ደግሞ ከልክ በላይ ሲጠብቅ እንጨቱ ይታመቅና ብረቱ ይጎብጣል። የመነጽሩ ቀለበት ብሎኖች በአብዛኛው ከ15 እስከ 18 ኢንች-ፓውንድ ይበቃቸዋል። የታችኛው ማቀፊያ ግን የራሱ ልክ አለው።

በርሜሉ ከሰደፉ ጋር እንዳይነካካ፤ አንድ ብር ኖት በበርሜሉና በሰደፉ መሐል አስገብተህ ወደ ኋላ ሳበው፣ ሳይያዝ እስከ ቻምበሩ (ጥይቱ የሚቀመጥበት የበርሜሉ ጀርባ) ድረስ መሄድ አለበት። የሚይዝበት ቦታ ካለ ሙቀትና እርጥበት በተለዋወጠ ቁጥር ዒላማህ ይንቀሳቀሳል።

ቀጥሎ ፓራላክስ፤ ዓይንህ ሲንቀሳቀስ የመነጽሩ መስቀል ዒላማው ላይ የሚንሸራተትበት ስህተት። ለትልቅ ጠመንጃ የተሠራ መነጽር አብዛኛውን ጊዜ በ100 ወይም በ150 ያርድ ነው የሚስተካከለው፤ ለ.22 የተሠራው በ50 ያርድ። ጎኑ ላይ የማስተካከያ መንኮራኩር ካለ ርቀቱ ላይ አድርገው። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ ጠመንጃውን ከረጢት ላይ አስቀምጠህ፣ ሳትነካው ጭንቅላትህን ወደ ላይና ወደ ታች ነቅነቅ አድርግ። መስቀሉ ዒላማው ላይ የሚንሸራተት ከሆነ ስህተቱ ከጥይቱ አይደለም።

የፊት ከረጢት ከሰደፉ ሥር፣ በርሜሉ ሥር በጭራሽ። ከኋላም ከረጢት ይኑር። እጅህን ከኋላው ከረጢት ላይ አድርገህ በመጭመቅ ከፍታውን አስተካክል። .22 አይራገጥም ብለህ ዘና አትበል፤ እርሳሱ ቀስ ብሎ ነው በርሜሉን የሚለቀው፣ ቃታው ከተሳበ በኋላ ፊትህን ወዲያው ካነሳህ ገና ሳይወጣ ታንቀሳቅሰዋለህ።

ሐና_በዴንቨር
ስለ ፈተናው አሠራር ልጻፍ፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው።

ከአምስት እስከ ስምንት ዓይነት ጥይት ምረጥ፣ ከእያንዳንዱ አንድ ሳጥን (50 ፍሬ) ብቻ። አብዛኞቹ ፍጥነታቸው ከድምፅ በታች ቢሆን ጥሩ ነው፤ የ40 ግሬን (ለጥይት የሚያገለግል ትንሽ የክብደት መለኪያ) እርሳስ፣ 1,050 እስከ 1,080 ጫማ በሰከንድ አካባቢ። ሲሲአይ ስታንዳርድ ቬሎሲቲ ሳጥኑ ላይ 1,070 ይላል፤ መነሻ ለማድረግ ርካሽና አስተማማኝ ነው። ከዚያ በላይ ከሌሎቹ አምራቾች፣ ከኤስኬ፣ ከላፑዋ፣ ከኤሊ አንድ አንድ ዓይነት ጨምር። አንድ ለአደን የሚሆን ባዶ አፍንጫ (ሆሎው ፖይንት)ም አስገባ፤ መጨረሻ ላይ የምትተኩሰው እሱን ሊሆን ይችላል።

ጥይት ስትቀይር ወዲያው መመዘን አትጀምር። ከእርሳሱ ውጭ ያለው ቅባት ከምርት ምርት ይለያያል፤ አንዱ ሰም የመሰለ ነው፣ ሌላው ዘይት። በርሜሉ ውስጥ ያለው የቀድሞው ቅባት ተጠርጎ የአዲሱ እስኪረጋ ድረስ ከ10 እስከ 20 ጥይት ይፈልጋል። እነዚህን ወደ ሌላ ወረቀት ተኩሳቸው፣ አትቁጠራቸው። ከዚያ አምስት ግሩፕ (በአንድ ዒላማ ላይ ተተኩሶ አብሮ የሚለካ ስብስብ)፣ እያንዳንዱ አምስት ጥይት። በተቻለ መጠን የአየሩ ሁኔታ ተመሳሳይ ይሁን፤ ማለዳ ነፋሱ ሳይነሳ ይመረጣል።

ሳጥኑን ፀሐይ ላይ አትተወው። ቅባቱ ሲለሰልስና ሲደርቅ የመጀመሪያዎቹ ጥይቶች ሌላ ቦታ ያርፋሉ። ጥይቱን መሬት ላይ መጣልም እንዲሁ፣ ቅባቱ አሸዋ ይይዝና በርሜሉን ይፍቃል።

ከቀዳዳ መሐል እስከ ቀዳዳ መሐል ለካ። በካሊፐር ከዳር እስከ ዳር ለክተህ የአንድ ቀዳዳ ስፋት ትቀንሳለህ፤ ወረቀቱ ላይ የሚወጣው ቀዳዳ ከእርሳሱ ትንሽ ስለሚያንስ የራሱን የወረቀቱን ቀዳዳ ለክተህ ቀንስ፣ 5.7 ሚሊሜትር ነው ብለህ አትገምት።

ጀማሪው_ከአውሮራ
አምስት ግሩፕ? ሦስት ጥይት በአንድ ሳንቲም ሥር ከገባ አይበቃም እንዴ? ጥይቱ ማለቁ ነው።

ሐና_በዴንቨር
አይበቃም፤ ምክንያቱ ደግሞ ሂሳብ ነው። አንድ ጠመንጃና አንድ ጥይት፣ ምንም ሳይለወጥ፣ የ3 ጥይት ግሩፕ በአማካይ የ5 ጥይቱን 78 በመቶ ገደማ ነው የሚያክለው። የ10 ጥይት ግሩፕ ደግሞ የ5ቱን 1.24 እጥፍ። ስለዚህ "የእኔ ግማሽ ኢንች ይሰበስባል" የሚል ሰው ስንት ጥይት እንደተኮሰ ካልነገረህ ምንም አልነገረህም።

በዚያ ላይ የአንድ ግሩፕ ዕድል ሰፊ ነው። ያው ጥይት ዛሬ 12 ሚሊሜትር፣ ከአሥር ደቂቃ በኋላ 20 ሊያደርግ ይችላል፤ ምንም ስላልተበላሸ። ሁለት ዓይነት ጥይት 14 እና 16 ቢመጡብህ አንዱ በለጠ ማለት አይቻልም፤ 14 እና 25 ከመጡ ግን ይለያል። የመጀመሪያው ዙር ሥራ መጥፎዎቹን መጣል ነው፣ ጥሩውን መሾም አይደለም። ሁለትና ሦስት ከቀሩ በኋላ ለእነሱ 10 ጥይት እየተኮስክ ሁለት ሦስት ጊዜ ድገም።

ማወዳደሪያ ይሁንህ፦ አንድ ኤምኦኤ (የስብስብ ስፋት የሚለካበት የማዕዘን መለኪያ) በ50 ያርድ 13.3 ሚሊሜትር፣ በ50 ሜትር 14.5፣ በ100 ያርድ 26.6 ነው። ያርድና ሜትር ቀላቅለህ አትመዝግብ።

እና እባክህ፣ "ይቺ የእኔ ጥፋት ናት" ብለህ የወጣችውን ጥይት አትሰርዝ። ቃታውን ስትስብ፣ ወረቀቱን ሳታይ፣ አፍህን ሞልተህ "አበላሸሁ" ካላልክ ትቆጠራለች።

ቀልሃ_ቆጣሪ
ሐና የነገረችህን ይዘህ፣ ጊዜ ካለህ ከስፋት ይልቅ አማካይ ርቀት ለካ፦ የሁሉንም ቀዳዳ መካከል አግኝ፣ ከዚያ እያንዳንዱ ቀዳዳ ከመካከሉ ምን ያህል እንደራቀ አማካዩን አውጣ። ስፋት የሚያየው ሁለቱን የራቁትን ብቻ ነው፣ ሌሎቹን ሦስቱን ጥይት ያባከንክ ያህል ነው። ወረቀቱን በስልክ ፎቶ አንስተው የሚለኩ መተግበሪያዎች አሉ።

ነፋስ_አንባቢ
የነፋሱን ጥያቄ እኔ ልውሰድ። መልሱ ብዙ ሰው ከሚገምተው ተቃራኒ ነው፤ በ.22 ፈጣኑ ጥይት በነፋስ የበለጠ ይገፋል።

ነፋስ የሚገፋህ በጉዞው ርዝመት ልክ አይደለም፣ እርሳሱ በአየር ምክንያት ባጣው ጊዜ ልክ ነው። የ40 ግሬን እርሳስ በ1,235 ጫማ ሲወጣ ከድምፅ ይፈጥናል፤ ድምፅ በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ 1,125 ጫማ በሰከንድ ገደማ ነው። በዚያ አካባቢ የአየር መጎተት ሽቅብ ስለሚዘል ፍጥነቱን ቶሎ ይበላዋል። በ1,070 የወጣው ግን መጀመሪያውኑ ከድምፅ በታች ስለሆነ የሚያጣው ትንሽ ነው። በ10 ማይል የጎን ነፋስ፣ በ100 ያርድ ላይ ቀርፋፋው ወደ 4 ኢንች ሊጠጋ ይገፋል፤ ፈጣኑ ወደ 5 ኢንች ይጠጋል። በ50 ያርድ ቀርፋፋው አንድ ኢንች ገደማ ነው።

የፈጣኑ ጥቅም ከፍታ ላይ ነው። መነጽርህን በ50 ያርድ ብታስተካክል ቀርፋፋው በ100 ያርድ 7 ወይም 8 ኢንች ዝቅ ይላል፣ ፈጣኑ 6 አካባቢ። ርቀትህን በሌዘር ከለካህ ይሄ ጥቅም ጥቅም አይደለም። ዝቅታውን በመነጽር ትጨምረዋለህ፤ ነፋሱን ግን የሚለካልህ የለም።

ሜዳ ላይ ሣሩን፣ አቧራውን፣ በመነጽር የሚታየውን የሙቀት ጭጋግ እያየህ፣ አንድ ሁኔታ ምረጥና ያ ሁኔታ ሲመለስ ብቻ ተኩስ። እየተለዋወጠ ባለ ነፋስ እያሳደዱ ማረም ያደክማል።

አልሞ
ነፋስ_አንባቢ፣ በቀዝቃዛ ቀን ጉዳዩ ይለወጣል። በ0 ዲግሪ ድምፅ ወደ 1,087 ጫማ ይወርዳል። 1,070 ተብሎ የታተመ ጥይት ከሳጥኑ ውስጥ አንዳንዱ ፍሬ 1,090 ሊወጣ ስለሚችል ጥቂቶቹ ያንን ወሰን ይነካሉ። የክረምት ውጤትና የበጋ ውጤት አታወዳድሩ። ባሩዱም ቅባቱም በብርድ ሌላ ናቸው።

ነፋስ_አንባቢ
እስማማለሁ። ቀኑን፣ ሙቀቱን፣ ሎቱን ወረቀቱ ጥግ ላይ መጻፍ ነው።

ጠርዝ_ለኪ
ስለ ሎት ስታወሩ ጠርዝ መለካትን ማንም አላነሳም። የቀልሃው ጠርዝ ውፍረት እኩል ካልሆነ መዝጊያው ጋር የሚኖረው ክፍተት ይለያያል፣ መርፌውም በተለያየ ኃይል ይመታል። በጠርዝ መለኪያ ሳጥኑን በየግማሽ ሺኛ ኢንች ከፋፍሎ እኩሎቹን አንድ ላይ መተኮስ ይጠቅማል።

ቀልሃ_ቆጣሪ
በርካሹ ጥይት ላይ አንዳንዴ ይጠቅማል፣ በጥሩው ላይ ትርፉ ከድካሙ ያንሳል፤ ፋብሪካው ራሱ ስለሚጠብቀው የምታገኘው ልዩነት ትንሽ ነው። ከጠረጠርክ ፈትሽ፦ ከአንድ ሎት 25 ከተለየው ክምር፣ 25 ሳይለይ ተኩስ፣ እያፈራረቅክ። ልዩነት ካላየህ መለኪያውን መሳቢያ ውስጥ አስቀምጠው።

በሚዛን መመዘንን ግን ተወው። ባሩዱ አንድ ወይም ሁለት ግሬን ብቻ ነው፤ የቀልሃውና የእርሳሱ የክብደት ልዩነት ይውጠዋል። ሚዛኑ ከባድ ያለህ ጥይት ናሱ ወፍራም ስለሆነ ይሁን እርሳሱ ስለከበደ አታውቅም።

ጠርዝ_ለኪ
በመመዘኑ ልክ ነህ። በጠርዙ ግን ርካሽ ጥይት ለሚተኩስ ሰው ሳጥኑ ውስጥ ያለውን "ዘላይ" (ከስብስቡ የሚያፈነግጥ ጥይት) ይቀንሳል፤ ለፕሬሪ ዶግ የሚሄድ ሰው ደግሞ ውድ ጥይት ሁልጊዜ አይተኩስም። በዚህ አልተስማማንም፣ ይቅር።

ዘይትና_ብሩሽ
መወልወል ላይ ተከራካሪ ብዙ ነው። እኔ የምለው ይሄ ነው፦ የ.22 ለስላሳ እርሳስ በርሜልን አይበላም፤ የሚያበላሸው ሰው ነው፣ ዘንጉን ያለመምሪያ አስገብቶ የአፈሙዙን ጫፍ ሲፍቅ። ከቻምበር በኩል፣ በዘንግ መምሪያ፣ አንድ ቁራጭ ዘንግ ይሁን እንጂ የሚጋጠመው አይሁን። መምሪያ ከሌለህ የሚጎተት ገመድ ይሻላል።

በየ200ና 300 ጥይቱ እርጥብ ጨርቅ፣ ከዚያ ደረቅ ጨርቅ፣ አለቀ። ከወለወልክ በኋላ የመጀመሪያዎቹ 10 ጥይቶች ወደ ቦታቸው ስለማይሄዱ ለአደን ከመውጣትህ በፊት እነሱን ተኩሰህ በርሜሉን አጥቁረው።

ዋናው ጠላት ግን ሌላ ነው፤ የካርቦን ቀለበት። ጥይቱ ቻምበር ውስጥ ሲቀመጥ ከቀልሃው አፍ ፊት ለፊት፣ ጠመዝማዛው ቦይ ከሚጀምርበት ላይ፣ የተቃጠለ ባሩድና የፕራይመሩ መስታወት ብናኝ ተጋግሮ እንደ ጥቁር ቀለበት ይጠነክራል። ጨርቅ አያነሳውም፣ በላዩ ያልፋል። ምልክቱ፦ በደንብ ይሰበስብ የነበረ ጠመንጃ ቀስ በቀስ ይሰፋል፣ ጥይት ሲገባ ትንሽ ይከብዳል፣ በተወለወለ ማግስትም አይሻለውም። ማስወገጃው የካርቦን ማስለቀቂያ ፈሳሽ ነው፤ በነሐስ ብሩሽ ቀብተህ 10 ወይም 15 ደቂቃ አቆየው፣ ከዚያ ብሩሹን እዚያው ቦታ ላይ አዙረው፣ ድገም። የብረት ሽቦ ብሩሽ አታስገባ። ቦርስኮፕ (የበርሜል ውስጥ ማያ) ካለ እይ፤ ከሌለ ለውጡን በዒላማው ታያለህ።

ሐና_በዴንቨር
ከዘይትና_ብሩሽ ጋር የምለያየው በቁጥሩ ብቻ ነው። ቁጥር ሳይሆን ዒላማው ይንገርህ የሚሉ አሉ፣ ግን ቀለበቱ አንዴ ከጠነከረ ሥራው ስለሚከብድ እኔም ሳይበላሽ ቀድሞ ማጽዳትን እመርጣለሁ። በውድድር የሚተኩሱት ደግሞ በየ50ና በየ100 ይወለውላሉ።

ጀማሪው_ከአውሮራ
አመሰግናለሁ። ብሎኖቹን አጥብቄ፣ ፓራላክሱን በ50 አድርጌ ሞከርኩ፤ የጎኑ መበተን ጠፍቷል። አሁን ያስቸገረኝ ቁመቱ ነው። በ50 ያርድ ጥሩ የሆነው ጥይት በ100 ያርድ እንደ ቁም መስመር ይረዝማል፤ ስፋቱ ጠባብ፣ ቁመቱ ሁለት እጥፍ።

ነፋስ_አንባቢ
ፍጥነቱ ነው። በ100 ያርድ 30 ጫማ በሰከንድ የፍጥነት ልዩነት አንድ ኢንች ገደማ የከፍታ ልዩነት ይሰጥሃል። በ50 ያርድ ያው ልዩነት ሩብ ኢንች እንኳ አይሞላም፣ ግሩፑ ውስጥ ይደበቃል። ለዚህ ነው በ50 አሸናፊ የሆነ ጥይት በ100 የሚወድቀው። ክሮኖግራፍ (የጥይት ፍጥነት መለኪያ) ካገኘህ 20 ጥይት ለካ፤ ከዝቅተኛው እስከ ከፍተኛው ያለው ከ40 ከበለጠ ሌላ ሎት ፈልግ።

ምልክቶቹን በጥቅሉ፦ ቁመት ብቻ ሲሆን ፍጥነት፣ ወይም የመርፌ አመታት፣ ወይም የኋላ ከረጢት አያያዝ። ስፋት ብቻ ከሆነ ነፋስ፣ ወይም ቃታውን በጎን መሳብ። ሁለት የተለያየ ጉብታ ከሠራ አንድ ነገር እየተንቀሳቀሰ ነው፤ መነጽሩ ወይም ሰደፉ። አራቱ አንድ ላይ አንዱ ራቅ ካለ ጥይቱን አትርገም፣ መጀመሪያ የመጀመሪያዋ ጥይት ትሆን እንደሆነ እይ።

አልሞ
የመርፌ አመታት ያልከውን ላስፋፋው። ከተተኮሱ ቀልሃዎች አሥሩን አሰልፈህ ጠርዛቸው ላይ ያለውን የመርፌ ምልክት ተመልከት። ጥልቀታቸው እኩል፣ ጠርዙን በደንብ የነካ መሆን አለበት። ቀጭንና የተለያየ ከሆነ የመዝጊያው ውስጥ ቅባት ረግቷል ወይም ምንጩ ደክሟል። መዝጊያውን ፈትተህ በደረቁ አጽዳ፤ ዘይት ውስጥ የነከርከው መርፌ በብርድ ቀርፋፋ ይሆናል።

ባዶ መተኮስ ላይ ጥንቃቄ። በብዙ .22 ላይ ጥይት ከሌለ መርፌው የቻምበሩን ጠርዝ ይመታዋል፣ ቡርቡር ይሠራበታል፣ ከዚያ ቀልሃ አልወጣም ይልሃል። መመሪያው ይፈቅዳል ካላለ አታድርግ።

ቀልሃ_ቆጣሪ
ሎት እንዴት ይገዛል ለሚለው። አንድ ሎት ከተስማማህ ወዲያው ከዚያው ሎት ቢያንስ አንድ ጡብ (500 ፍሬ)፣ ከቻልክ ሙሉ ካርቶን ግዛ። ነገ ሱቁ ውስጥ ያለው ያው ስም ሌላ ሎት ነው፣ ፈተናውን ከመጀመሪያ ትጀምራለህ። ኤሊ ሳጥኑ ላይ የሎቱን ፍጥነት ያትማል፤ ጥሩ ከሆነልህ ሎት ጋር የቀረበ ፍጥነት መምረጥ ይረዳል እንጂ ዋስትና አይደለም። ላፑዋ በአሜሪካ፣ በአሪዞና ሜሳ፣ የሙከራ ማዕከል አለው፤ የራስህን ጠመንጃ ጨብጠው በ50 እና በ100 ሜትር ብዙ ሎት ይተኩሱልሃል፣ የምትገዛውን እዚያው ትመርጣለህ። ለፕሬሪ ዶግ ብቻ ከሆነ ግን ይሄ የቅንጦት ነው።

ሎሚ_ሻጩ
ሁላችሁም ስለ ቀርፋፋ ጥይት ስታወሩ የሲሲአይን ፈጣን ጥይት፣ ስቲንገርን ረሳችሁት። 32 ግሬን፣ 1,640 ጫማ። ለአውሬ እሱ ነው!

ዘይትና_ብሩሽ
ሎሚ_ሻጩ፣ በፕሬሪ ዶግ ላይ ያለው ጉልበት አያጠያይቅም፤ ግን ሁለት ነገር። ቀልሃው ከተራው .22 ትንሽ ይረዝማል፤ ለውድድር በተሠራ ጠባብ ቻምበር ውስጥ አይተኮስም፣ ቀልሃው ቦዩ ውስጥ ገብቶ ግፊት ሊጨምር ይችላል። መመሪያህን አንብብ። ሁለተኛ፣ በአብዛኛው በርሜል ላይ ስብስቡ ይሰፋል። በ40 ያርድ ምንም አይደለም፣ በ90 ግን ይታያል።

ጠባብ ቻምበር ያላችሁ ሌላም ልንገራችሁ፦ እርሳሱ ቦዩ ላይ ስለሚነክስ ያልተተኮሰ ጥይት ስታወጡ እርሳሱ በርሜሉ ውስጥ ቀርቶ ቀልሃው ብቻ ሊወጣ ይችላል፤ ባሩዱ መዝጊያው ውስጥ ይፈስሳል። እርሳስ መቅረቱን ሳታረጋግጡ ሌላ ጥይት አታስገቡ። ድምፁ "ጭጭ" ብሎ ደካማ የወጣ ጥይትም እንዲሁ ነው፤ አቁም፣ አራግፍ፣ በርሜሉን በዘንግ ፈትሽ። ቃታ ተስቦ ሳይፈነዳ የቀረውን ደግሞ አፈሙዙን ወደ ዒላማው አድርገህ 30 ሰከንድ ቆይ።

ሐና_በዴንቨር
ወደ ሜዳው ልመልሳችሁ። ከዘሩ ሁሉ ጋር ስናስተያየው .22 ደካማ ነው፤ በ75 ያርድ ውስጥ መቆየት፣ ነፋስ ከሌለና ግሩፕህ ከታወቀ 100። የፕሬሪ ዶግ መምቻ ቦታ ከብርቱካን አይበልጥም፣ ስለዚህ የ10 ጥይት ግሩፕህ በዚያ ርቀት ከ5 ሴንቲሜትር ከሰፋ ቅረብ። እየቆሰለ ጉድጓድ የሚገባ እንስሳ ከዚህ መዝገብ ሁሉ የከፋ ነው። ለመግደል ባዶ አፍንጫው ከክብ አፍንጫው ይሻላል፣ ግን የክቡ ስብስብ ጠበብ ካለልህ ጭንቅላት መምታት በምትችልበት ርቀት እሱን ምረጥ።

.22 ከድንጋይ ላይ ይዘላል፣ ጉዞውም ረጅም ነው፤ ሳጥኑ ላይ አንድ ማይል ተኩል ድረስ የሚል ማስጠንቀቂያ አለ። ከእንስሳው ጀርባ አፈር ሳይኖር አትተኩስ፤ በጠፍጣፋ ሜዳ ላይ ጉብታ ወይም የመኪና ጀርባ ላይ ሆነህ ቁልቁል መተኮስ ይሻላል፣ ሕጉ ከመኪና መተኮስ የሚከለክል መሆኑን ግን አረጋግጥ።

የተገደለውን በእጅ አትንካ። በቁንጫቸው ፕሌግ የሚባል በሽታ ይተላለፋል፣ በኮሎራዶ ያለ ነገር ነው። ጓንት፣ እንደ አካፋ ያለ ነገር። ጥይት ከነኩ በኋላም እጅ በሳሙናና በቀዝቃዛ ውኃ ይታጠባል፤ እርሳስ ነው የምትነካው።

አንድ_ጥያቄ_አለኝ
ካሊፎርኒያ ነኝ፤ እኔም ያንኑ ልጠቀም?

ሐና_በዴንቨር
ካሊፎርኒያ ከ2019 ሐምሌ ጀምሮ (በእነሱ አቆጣጠር) ማንኛውንም የዱር እንስሳ በእርሳስ አልባ ጥይት ብቻ ነው የሚፈቅደው። ለ.22 የሚሸጠው እርሳስ አልባ ቀላል ነው፣ ፍጥነቱም ሌላ፤ ከላይ ያልነውን የምርጫ ፈተና በእነሱ ብቻ አድርግ። ወረቀት ላይ ብቻ ከሆነ የምትተኩሰው ያ ሕግ አይመለከትህም፤ የተኩስ ሜዳው የራሱ ደንብ ካለው ግን ጠይቅ። በዩታ ደግሞ የዩታ ፕሬሪ ዶግ የተባለው ዝርያ በፌዴራል ሕግ የተጠበቀ ነው፤ ዓይነቱን ሳትለይ አትተኩስ። ኮሎራዶ ውስጥ ከ1949 ወዲህ የተወለደ ሰው ሁሉ የአዳኝነት ትምህርት ወስዶ ነው ፈቃድ የሚያገኘው።

አልሞ
ለእኛ ሰው አንዲት ነገር ልጨምር፤ ብዙ የሚሳሳትበት ነው። ግሪን ካርድ ያለው በፌዴራል ሕግ ጠመንጃና ጥይት መግዛት ይችላል። በጊዜያዊ ቪዛ (ተማሪ፣ ጎብኚ) ያለ ግን በመሠረቱ መያዝም አይችልም፤ የጸና የአደን ፈቃድ የመሰለ ልዩ ሁኔታ ካልያዘ በቀር። ጓደኛ "እስኪ ሞክር" ብሎ ሲያቀብለው እንኳ ጣጣ ነው። የኢሚግሬሽን ጉዳዩ በሂደት ላይ ያለ ሰው ከመንካቱ በፊት የራሱን ጠበቃ ይጠይቅ።

ጀማሪው_ከአውሮራ
ግልጽ ነው። አንድ የቀረኝ፦ የተስማማኝ ሎት ላይ የሰደፉ ብሎኖች የሚጠብቁበትን ልክ እየቀያየርኩ ልፈትሽ?

አልሞ
ትችላለህ፤ ግን ሎቱ ከተመረጠ በኋላ እንጂ በፊት አይደለም፣ ሁለት ነገር አንድ ላይ አትቀይር። መመሪያው ከሚፈቅደው ዝቅተኛ ጀምረህ በ2 ወይም በ3 ኢንች-ፓውንድ እየጨመርክ፣ በእያንዳንዱ ሁለት የ10 ጥይት ግሩፕ። ሰደፉ በደንብ የተገጠመ ከሆነ ልዩነት አታይም፤ ያ ጥሩ ምልክት ነው። ልዩነቱ ትልቅ ከሆነ ብረቱ በሰደፉ ውስጥ አልተቀመጠም ማለት ነው፣ ያኔ የሚያስፈልገው ሰደፉን ማስተካከል እንጂ ትክክለኛውን ቁጥር ማደን አይደለም።

ሐና_በዴንቨር
የቀረውን ጥይት በሎቱ ቁጥር ለይተህ በደረቅ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ አስቀምጥ፤ የመኪና ሻንጣ ውስጥ በበጋ አይደር። ሳጥኑን ስትከፍት ከፊት ለፊት ባለው ክዳን ላይ በስንት ያርድ ስንት ሚሊሜትር እንደሰበሰበልህ በእርሳስ ጻፍ።

ጀማሪው_ከአውሮራ
እሺ። ቅዳሜ ነፋስ ከሌለ አምስቱን ሳጥን ይዤ እወጣለሁ፣ ወረቀቶቹን ፎቶ አንስቼ እለጥፋለሁ።